ከመንጋው መካከል ስንቱ እንግዳ ነው?

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖር ሀበሻ ቅዳሜና እሑድ ወደ ተራራው የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ለጥብስና ለንጹህ አየር ነው። ከራሱ በላይ፣ በፓይኑ ዛፍ ጫፍ ላይ፣ የሚንጫጫውን የወፍ መንጋ ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ባያይም አይፈረድበትም፤ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ ወፍ ነውና። ሆኖም በ2021 ሰመር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በእነዚያው የኮሎራዶ ተራሮች ላይ የተቀዱ የወፍ ድምፆች በጥሞና ሲመረመሩ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘ። ከአካባቢው መንጋዎች መካከል የእንግዳ ድምፅ ነበረ። ይህ እንግዳ፣ በአይዳሆ ክፍለ አገር ደቡባዊ ጥግ ካሉት ሁለት ትናንሽ የተራራ ሰንሰለቶች በስተቀር፣ በዓለም ላይ የትም አይኖርም ተብሎ የተጻፈለት ወፍ ነው።

ፈረንጆቹ ይህን የወፍ ዘር «ክሮስቢል» ይሉታል። አገራችን ስለማይገኝ የአማርኛ ስም አልወጣለትም፤ «መንቁረ መስቀል» ቢባል ግን ያምርበታል። የላይኛውና የታችኛው መንቁሩ ጫፍና ጫፍ አይገጥሙም፤ እንደ ተዛነፈ መቀስ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግሮ ይተላለፋል። ላላወቀው ሰው ወፉ አካለ ጎደሎ ይመስለዋል።

በአውሮፓ ስለዚህ መንቁር የቆየ ተረት አለ። ጌታ በተሰቀለ ጊዜ አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ ምስማሩን ከእጁ ልትነቅል ስትታገል መንቁሯ ተጣመመ፣ ላባዋም በደሙ ቀላ ይላል። እውነትም የወንዱ ላባ የጡብ ቀለም ያለው ቀይ ነው፤ ሴቷ ግን ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ መነኩሴ ማቲው ፓሪስም እነዚህን ወፎች መዝግቧቸዋል። ከዚያ በፊት ያልታዩ ወፎች በድንገት መጥተው የፖም ፍሬ እየሰነጠቁ ሥጋውን ትተው ዘሩን ብቻ እንደበሉ ጽፎ፣ የመንቁራቸውንም መተላለፍ ሳይጠቅስ አላለፈም። የዘመናችን ወፍ ቆጣሪ በቴሌስኮፕ የሚያየውን መነኩሴው በባዶ ዐይኑ አይቶታል።

ተረቱ ቢቀር መንቁሩ መሣሪያ ነው። የፓይን ዛፍ ዘሩን የሚይዘው ኮን በሚባለው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ የእንጨት ፍሬ ውስጥ ነው። ወፉ የተሻገረውን መንቁር ጫፍ በሁለት ቅርፊቶች መካከል ያስገባና አገጩን ወደ ጎን ይገፋል። ቅርፊቱ ሲከፈት ምላሱን አስገብቶ ዘሩን ያወጣል፣ ገለባውን ይጥላል፣ ፍሬውን ይውጣል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መንቁራቸው እንደማንኛውም ወፍ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚተላለፈው ካደጉ በኋላ ነው። እንደ ሰው ቀኝና ግራም አላቸው፤ የአንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ይሻገራል። ዘር እስከተገኘ ድረስ የወቅት ጉዳይ ግድ አይሰጣቸውም፤ በረዶ በሚወርድበት በጥር ወር እንኳ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ።

ዘር ሲጠፋ ደግሞ ይሰደዳሉ። የፓይን ዛፍ በየዓመቱ እኩል አያፈራም፤ አንዱ ዓመት ጥጋብ፣ ሌላው ረሀብ ነው። ስለዚህ መንቁረ መስቀል ቋሚ አድራሻ የለውም፤ መንጋው ዛሬ በዋሽንግተን ክፍለ አገር ታይቶ በሌላ ዓመት ኮሎራዶ ወይም ኒውዮርክ ሊገኝ ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ የሰፈረው መንጋ ከየት ከየት የተሰባሰበ እንደሆነ በዐይን መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል።

የጆሮ ሥራ

በሰሜን አሜሪካ ያሉት ቀይ መንቁረ መስቀሎች ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ዘር ሲቆጠሩ ኖሩ። ጄፍ ግሮት የተባለው ተመራማሪ ግን በ1993 ባሳተመው ጥናት እነዚህ ወፎች ሲበሩ በሚያሰሙት አጭር ጥሪ በየቡድኑ እንደሚከፈሉ አሳየ። ለሰው ጆሮ ሁሉም «ኪፕ፣ ኪፕ» ነው። ጥሪው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ድምፁ ተቀድቶ በወረቀት ላይ (ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ) በመስመር ሲሣል፣ የአንዱ ቡድን ጥሪ ወደ ላይ ወጥቶ ይወርዳል፣ የሌላው ቁልቁል ብቻ ይወርዳል፣ የሦስተኛው ይሰበራል። ይህ የድምፅ ሥዕል ሶኖግራም ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ከአሥርም አልፈዋል። ሁለተኛው ቡድን ፖንደሮሳ የተባለውን ፓይን፣ ሦስተኛው የሄምሎክን ትንንሽ ፍሬ፣ አራተኛው ዳግላስ ፈርን፣ አምስተኛው ሎጅፖል ፓይንን ይወዳል። የየቡድኑ መንቁር ውፍረት ለሚመገበው ፍሬ የሚስማማ ሲሆን፣ ልዩነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከዛፍ ጫፍ ላይ ያለን ወፍ ይህን ያህል ለክቶ መናገር የሚችል ዐይን አልተፈጠረም።

ጥሪውን ልጅ የሚማረው ከሚያሳድጉት ነው። የሌላ ቡድን ወፎች ያሳደጉት ጫጩት የአሳዳጊዎቹን ጥሪ ይይዛል። ባልና ሚስት የሆኑ ወፎችም ጥሪያቸውን አንዱ ከሌላው ጋር ያስማማሉ። (ልጆቹ በእንግሊዝኛ ቅላጼ «እማዬ» የሚሉት የኦሮራ ወላጅ ነገሩ አይገርመውም።) ያም ሆኖ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ መንጋ ከመንጋ የሚተላለፈው ጥሪ ለረጅም ጊዜ የማይሳት መታወቂያ ሆኖ ይኖራል።

ያለ ሽኮኮ

አሁን ወደ አይዳሆው ወፍ እንመለስ። የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲው ክሬግ ቤንክማን በ1990ዎቹ ውስጥ ሳውዝ ሂልስ በሚባለው የአይዳሆ ኮረብታማ ቦታ ላይ ያሉትን መንቁረ መስቀሎች ማጥናት ጀመረ። ወፎቹ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር ነበር። አይሰደዱም። ጥሪያቸው የራሳቸው ነው፣ መንቁራቸው ወፍራም ነው፣ ዓመቱን ሙሉም እዚያው ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ወፏን ሳይሆን ዛፉንና ሽኮኮውን ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው የምዕራብ አሜሪካ ተራራ ላይ የሎጅፖል ፓይን ዋነኛ ጠላት ቀይ ሽኮኮ ነው (በየጓሮው የሚሯሯጠው ግራጫው ሽኮኮ አይደለም)። ሽኮኮው ፍሬውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ቆርጦ ጎተራ ያስገባል፤ ለወፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዛፉም በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ መከላከያውን ያበጀው በሽኮኮ ላይ ነው። በሳውዝ ሂልስና በጎረቤቱ በአልቢዮን ተራሮች ግን ከበረዶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ፣ ወደ 10 ሺህ ዓመት ገደማ፣ ቀይ ሽኮኮ የለም። ሽኮኮ በሌለበት የዛፉ ጠላት ወፉ ሆነ። ዛፉ ወፉ የሚያጠቃውን የፍሬውን ጫፍ ቅርፊት አወፈረ፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ቀጭን መንቁር ያላቸው ወፎች ተራቡ፣ ወፍራም መንቁር ያላቸው ኖረው ወለዱ። በሩ በጠበቀ ቁጥር ቁልፉ እየጠነከረ ሄደ።

ሌላም ጥቅም አለ። የእነዚህ ዛፎች ፍሬ በሙጫ ታሽጎ ለዓመታት በቅርንጫፉ ላይ የሚቆይ ነው፤ የሚከፈተው እሳት ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ለወፉ ጎተራው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ መሰደድ ለምን? ከሌላ አገር የመጡ ቡድኖች በየዓመቱ እዚያው ያርፋሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ይፈለፍላሉ። ነገር ግን ከአካባቢው ወፎች መካከል ከመጤዎቹ ጋር የሚጋቡት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በአንድ ዛፍ እየበሉ፣ በአንድ ሰማይ እየበረሩ፣ ሳይጋቡ ይኖራሉ።

ቤንክማንና ባልደረቦቹ በ2009 ወፉ ራሱን የቻለ ዘር ነው ብለው ጻፉ። የሰጡት የላቲን ስምም ትርጉሙ «ያለ ሽኮኮ» ማለት ነው፤ ለአንድ ወፍ በሌለ እንስሳ መሰየም የተለመደ አይደለም፣ ግን የሚገባ ስም ነው። የአሜሪካ የአእዋፍ ሊቃውንት ማኅበር ይህን የተቀበለው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። በእንግሊዝኛም ከሚኖርበት ወረዳ ስም ተወስዶ «ካሲያ ክሮስቢል» ተባለ። በጥሪ ቁጥር ሲቆጠር ዘጠነኛው ቡድን ማለት ነው።

ሽኮኮ ቢገባስ? የሚሆነው በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ታይቷል። በ1960ዎቹ ቀይ ሽኮኮ ወደ ደሴቲቱ ገባ፤ የደሴቲቱም የራሷ መንቁረ መስቀል ከዚያ በኋላ እጅግ ብርቅ ሆነ።

ስንት ናቸው?

የካሲያው ወፍ የሚኖርበት የፓይን ደን ሁሉ ቢደመር ወደ 70 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወፎቹም ወደ 6 ሺህ ገደማ ተብለው ተገምተዋል። ለአንድ የዓለም ዘር ይህ በጣም ትንሽ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ቁጥር እንዴት ይገኛል? በጎችን በበረት በር እንደመቁጠር አይደለም። ወፉ በዛፍ ጫፍ ነው የሚውል፤ ሲበላ ዝም ይላል፤ መኖሩ የሚታወቀው ቁልቁል እየተንሳፈፈ በሚወርደው ገለባ ነው። ከዚያ በድንገት መንጋው በአንድነት እየጮኸ ይነሳል፣ ከሸለቆው ማዶ ይሰፍራል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ጥንቃቄ የሌለው ቆጣሪ አንዱን መንጋ ሦስት ጊዜ ይቆጥራል።

ስለዚህ ቆጣሪዎች ቦታቸውን አስቀድመው በካርታ ይመርጣሉ። በተወሰነ ነጥብ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ይቆማሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን፣ ከእነሱም ያለውን ርቀት ይጽፋሉ፤ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይሄዳሉ። ርቀቱ የሚጻፈው ሳይታዩ የቀሩትን በሂሳብ ለመገመት ነው። በሌላ በኩል ወፎች በቀጭን መረብ ተይዘው እግራቸው ላይ ቀለበት ይደረጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀለበት ካደረጉት ስንቱ ተመልሶ እንደተገኘ ሲታይ ስንቱ እንደሞተና ስንቱ እንደኖረ ይታወቃል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ለዓመታት ሳይቋረጥ ካልተሠራም ዋጋ የለውም።

በስኮትላንድ የተሠራው ቆጠራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ ሦስት ዓይነት መንቁረ መስቀሎች በአንድ ደን ይገናኛሉ፦ ተራው፣ በቀቀን መንቁር ያለው ትልቁ፣ በመካከላቸውም የስኮትላንድ የሚባለው፣ በብሪታንያ ብቻ የሚገኝ ዘር። ሦስቱን በዐይን ለይቶ መማል ሞኝነት ነው። በ2008 ቆጣሪዎች በየተወሰነው ነጥብ ላይ የተቀዳ የወፍ ጥሪ በማጉያ አሰሙ፤ በአቅራቢያ ያሉ ወፎች ጥሪውን ሰምተው ሲመጡና ሲመልሱ ድምፃቸው ተቀዳ። ከዚያ ቤት ገብተው ሶኖግራሙን አንድ በአንድ አነበቡ። የስኮትላንዱ ወፍ ቁጥር ወደ 13,600 ተገመተ። ግምት ስለሆነም ዝቅተኛውና ከፍተኛው ወሰን እጅግ የተራራቀ ነበር፤ ከ8 ሺህ እስከ 22 ሺህ በላይ። ወሰኑን ደብቆ አንድ ቁጥር ብቻ ከሚናገር ቆጣሪ ይህ ይሻላል።

ሙቀትና እሳት

የካሲያው ወፍ ቁጥር ከ2003 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሽኮኮ አልገባም፣ ዛፍም አልተቆረጠም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በቴርሞሜትር ላይ ነው። በሰመር ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ሲበዙ፣ በእሳት ብቻ ይከፈት የነበረው የታሸገ ፍሬ በፀሐይ ብቻ ይከፈትና ዘሩን ያፈሳል። ጎተራው ያለ ጊዜው ይራገፋል። ለዚያ ጎተራ ሲል ስደትን የተወ ወፍ ደግሞ መሄጃው ጠፍቶት ይራባል።

ይህን ሲያነብ የቦረና ሰው አንድ ወፍ ትዝ ሊለው ይገባል። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የሌለች፣ ግራጫ ላባና በዐይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላት ቁራ መሰል ወፍ አለች። ግራና ቀኙ ያለው ግራር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለምን ከዚያች ክልል እንደማትወጣ ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። በ2012 የወጣ ጥናት ወሰኗ ሙቀት እንደሆነ አሳየ፤ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነበት ደጋማ ክልል ውስጥ ትኖራለች፣ ከዚያ ቆላ አትወርድም። በአይዳሆም በቦረናም ወፎቹ ቀዝቃዛ ደሴት ላይ ናቸው፤ ዙሪያው የሚያቃጥል ባሕር ነው።

በመስከረም 2020 ደግሞ ሳውዝ ሂልስ ተቃጠለ። ባጀር የተባለው ቃጠሎ ከ90 ሺህ ኤከር በላይ ፈጀ፤ ከካሲያው ወፍ መኖሪያ ደንም ብዙውን ወሰደ። የሎጅፖል ፓይን ከእሳት በኋላ የሚበቅል ዛፍ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ችግኙ ወፍን የሚቀልብ ያህል ፍሬ ለማንጠልጠል አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ወፍ አሥርተ ዓመታት አይጠብቅም።

በኮሎራዶ ድምፁ የተሰማው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከእሳቱ ሸሽተው ነው የመጡት የሚል ወሬ ወዲያው ተነሣ፤ ቅደም ተከተል ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። አስቀድሞ ይመጡ የነበሩ፣ ግን ማንም ጆሮ ሰጥቶ ያልሰማቸው ሊሆኑም ይችላሉ። ከ2017 በፊት ይህን ጥሪ ኮሎራዶ ላይ የሚፈልግ ሰው ብዙ አልነበረም። ዛሬ ግን ማንኛውም ሰው በኪሱ የድምፅ መቅጃ ይዞ ይዞራል፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የአእዋፍ ጥናት ተቋም በ2002 የጀመረው ኢበርድ የተባለው መዝገብም ከየትኛውም ሰው የተቀዳ ድምፅ ይቀበላል። እንግዶቹ ሊታወቁ የቻሉት እንዲህ ባሉ ተራ ሰዎች ቅጂዎች ነው።

ቅጂው ዋጋ እንዲኖረው ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል። ስልኩ ወደ መንጋው ይዙር፣ ቀጂው ዝም ይበል፣ እግሩንም አያንቀሳቅስ። ጥሩ ጊዜ መንጋው ከዛፍ ሲነሣ ነው፤ የሚፈለገው የበረራ ጥሪ ነውና። ተቀምጠው ሲረበሹ የሚያሰሙት ወፍራም ጥሪና የጫጩቶች ልመና ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ወፎቹ ብዙ ጊዜ ጨውና ጠጠር ፍለጋ ወደ መንገድ ዳር ይወርዳሉ፣ ውኃም ይጠጣሉ፤ ለዐይንም ለመቅጃም ያኔ ይቀርባሉ። የተቀዳ ጥሪ እያሰሙ መጥራት ለቆጠራ ባለሙያዎች ይቆይ፤ በጎጆ ወቅት ወላጆቹን ያስጨንቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው መቁጠሩ ነው። ሠላሳ ወፍ ያለበት መንጋ ተነሣ እንበል። በቅጂው ላይ አራት የካሲያ ጥሪ፣ አሥራ አንድ የአምስተኛው ቡድን ጥሪ ተገኘ። ጀማሪው በደስታ «ሠላሳ የካሲያ ወፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ «አራት» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። አንድ ወፍ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አራት ጊዜ መጥራት ይችላል። ጥሪዎቹ በአንድ ቅጽበት ተደራርበው ከታዩ ቢያንስ ሁለት ወፍ አለ፤ ካልተደራረቡ ግን የሚጻፈው «የካሲያ፦ ቢያንስ 1፤ አምስተኛው ቡድን፦ ቢያንስ 1፤ ቡድናቸው ያልታወቀ፦ 28» ነው። ደረቅ መዝገብ ነው፣ የሚያስጨበጭብም አይደለም። ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከራሱ ቁጥር ጋር ሊያስተያየው የሚችለው ይህን ነው። ቅጂውም አብሮ ስለሚቀመጥ፣ የዛሬው ቆጣሪ ያልሰማውን የነገው ሊሰማው ይችላል፤ በ2021 የሆነውም ይኸው ነው።

መንጋው ሲበርር የሚሰማው ግን ያው «ኪፕ፣ ኪፕ» ነው። የዛፉ ፍሬ በደረሰበት ዓመት፣ በክረምቱም በረዶ ቢሆን፣ ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ባሉት የፓይን ደኖች ውስጥ መኪና አቁሞ ለአሥር ደቂቃ ሞተር ላጠፋ ሰው ይሰማዋል።